ዶሮ ላባ ሲረግፍባት መጀመሪያ የት እንደሳሳ እዩ

ጓሮ ዶሮ የምታረቡ፣ ላባ መርገፉን እንዳያችሁ ወደ መድኃኒት አትሩጡ። ከራስና ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ፣ በቦታውም እንደ እሾህ የሾለ አዲስ ላባ ብቅ ካለ፣ ላባ እየቀየረች ነው፤ እንቁላል ብታቆምም አትደንግጡ። ጀርባዋ ብቻ ከተመለጠ ብዙውን ጊዜ አውራው ነው። ጅራቷ ስር ከሆነ ላባውን ገልጣችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ የተጣበቀ ነጭ የቅማል እንቁላል ልታገኙ ትችላላችሁ። ከሌለ ቤቱ ጠቧቸው እርስ በርስ እየተነቃቀሉ ይሆናል።

እኔን ያደከመኝ ግን ቀን ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት የሚወጣው ደም መጣጭ ተባይ ነው። ማታ በባትሪ እያያችሁ የቆጡን የታችኛውን ጎን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀይ የደም ነጠብጣብ ከያዘ እሱ ነው። ያን ጊዜ ዶሮዋን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ቆጡም ስንጥቁ ሳይቀር ይጽዳ።