የእንጆሪ ቢራ በቤልጂየሞች መንገድ፣ ጅማ ላይ

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው የፍራፍሬ ቢራ አይከብደውም። ብቅሉን ያውቀዋል፣ ጌሾውንም ያውቀዋል። አዲስ የሚሆንበት ፍሬው መቼ ይጨመር የሚለው ነው።

ብራስልስ አካባቢ ክሪክ የሚባለውን ቀይ ቢራ ከኮምጣጣ ቼሪ፣ ፍራምቧዝን ደግሞ ከራስበሪ ይሠራሉ። ራስበሪ የእኛው እሾሃም እንጆሪ የቅርብ ዘመድ ነው። በኦሮምኛ ጎራ የምንለው፣ ልጆች ከቡናው ጫካ ዳር እየለቀሙ የሚበሉት። በእርሻ የሚመረተው ስትሮበሪ ቢራ ውስጥ ቀለሙ ስለሚደበዝዝ አልመርጠውም።

ለ10 ሊትር 2 ኪሎ የገብስ ብቅል፣ 700 ግራም ስንዴ፣ 2 ኪሎ እንጆሪ፣ አንድ ጭብጥ የጌሾ ቅጠልና 6 ግራም ደረቅ የቢራ እርሾ ያዙ። አሻሮ አይገባበትም። የዳቦ እርሾም ያፈላል፣ ጣዕሙ ግን ሊጥ ሊጥ ይላል።

እንጆሪውን አጥባችሁ ቀድማችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። በረዶው ሲቀልጥ ፍሬው ይፈርስና ጭማቂውን ይለቃል።

ብቅሉንና ስንዴውን ሸርክቱ። 8 ሊትር ውሃ 72 ዲግሪ ሲደርስ ጨምሩት፤ ወደ 66 ይወርዳል። ድስቱን በጋቢ ጠቅልላችሁ 1 ሰዓት ተዉት። ብቅሉ የራሱንም የስንዴውንም ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በዚህ ሙቀት ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዙ፣ በጣት አይገመትም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ አተላውን በ7 ሊትር ሙቅ ውሃ እጠቡና ውሃውን ጨምሩበት።

ከጌሾው ጋር 1 ሰዓት ይንተክተክ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 100 እስኪሞላ አትጠብቁ። ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደሚፈላበት ማስቀመጫ ገልብጡና እርሾውን ጨምሩ።

ማስቀመጫው በበረኪና ታጥቦ በፈላ ውሃ በደንብ የተለቀለቀ ይሁን። እንደ ጠላ ጋን በወይራ አትጠኑት፣ ጭሱ እንጆሪውን ይውጠዋል።

አሁን ትዕግሥት። መጀመሪያ ጊዜ ፍሬውን ከእርሾው ጋር አንድ ላይ ጨመርኩት። ቀለሙ አማረ፣ ሽታው ግን የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍላት ኃይለኛ ስለሆነ የሚወጣው ጋዝ መዓዛውን ይዞት ይሄዳል። 7 ቀን ጠብቁ፣ ፍላቱ ሲረጋ እንጆሪውን ጨምሩ። አትቀቅሉት፣ ማርማላታ ማርማላታ ይላል። በፍሬው ስኳር እንደገና ይፈላልና ከላይ ቦታ ተዉለት። ክዳኑም ጋዝ የሚያስወጣ ይሁን።

ከ2 ሳምንት በኋላ ቅመሱ። ጣፋጭነቱ ካልጠፋ፣ አረፋም ካለው አልጨረሰም። ቸኩሎ ያሸገ ሰው ጠርሙስ ይፈነዳበታል፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ጸጥ ሲል አጥልሉት፣ በሊትር 6 ግራም ስኳር አሟሙና ወፍራም የቢራ ጠርሙስ ውስጥ በቆርኪ አሽጉ። የቆርኪ መምቻ ከሌላችሁ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሆናል፤ ስትጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋዙ በቅቶታል። ሃይላንድ ግን ስስ ስለሆነ አይችለውም።

ሌላ 2 ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ አቀዝቅዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ ከታች የዘቀጠው እርሾ እዚያው ይቅር።