ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ዘመድ ካላችሁ ሳሉን ስሙ፣ ቀበቶውን እዩ

ሐኪም አይደለሁም፣ ታላቅ ወንድሜን አስራ አንድ አመት ያስታመምኩ እህት ነኝ። ሰው ስለዚህ በሽታ ሲያወራ ስለሚሰማው ድምጽ፣ ስለ ጩኸቱ፣ የት ጸበል እንደሚሻል ነው የሚያወራው፣ ስለ ሞት ግን ማንም አያነሳም። እኛም ቤት ያሳብዳል እንጂ ይገድላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የቡታጅራውን ጥናት ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸውን ለዩና ለአመታት ተከታተሏቸው። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው 307 ሰዎች ውስጥ በ5 አመት 38ቱ ሞቱ፣ 34ቱ ወንዶች፣ አማካይ እድሜያቸው 35። ከሌላው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ 6 እጥፍ ማለት ነው። ምን ገደላቸው በሉኝማ፦ 18ቱን ኢንፌክሽን፣ 5ቱን ከባድ የምግብ እጥረት፣ 4ቱ ደግሞ ራሳቸውን አጥፍተው። በ10 አመቱ ክትትልም ባይፖላርና ከባድ ድብርት ያለባቸው ተጨምረው ከ919 ሰው 121 ሞቷል፣ ግማሽ ያህሉ አሁንም በኢንፌክሽን፣ ሰላሳ አመት ያህል ከእድሜያቸው ተቆርጦ። ሀብታም አገር ላይ እነዚህን ሰዎች በብዛት የሚወስዳቸው የልብ በሽታና የመሳሰለው ነው፣ እኛ ጋ ግን ጤና ጣቢያ በጊዜ ቢደርሱ ሊታከም የሚችል ነገር እና ረሀብ ነው። ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሳሉ። ወንድሜ ሲያስለው እናቴ "ሲጃራው ነው" አለች፣ እኔ ብርድ ነው አልኩ፣ እሱ ራሱ ምንም አላለም፣ እነዚህ ሰዎች አመመኝ አይሉም እኮ፣ ቢሉም "ጎረቤት በግድግዳ በኩል ጭስ እየላከብኝ ነው" ይሏችኋል እና እናንተ በሽታው ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ። እንደዛ ሲል ግን ደረቱን እያመመው ሊሆን ይችላል! የሆነ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ ካርድ አውጥተን ገባን፣ ብቻውን ሲያወራ ሲያዩት ደረቱን እንኳን ሳያዳምጡ "ይሄ የአእምሮ ስለሆነ አማኑኤል ውሰዱት" ተባልኩ። ሌላ ቦታ ሌላ ሳምንት ፈጅቼ አክታው ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

ከዛ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ መጀመሪያ የምትናገሩት አረፍተ ነገር ወሳኝ ነው። "የአእምሮ ታማሚ ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። "ሶስት ሳምንት ሆነው ሲያስለው፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ከስቷል፣ አክታው ይታይልኝ" በሉ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው መመርመር አለበት፣ የቲቢ መድሃኒት ደግሞ በመንግስት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። የአእምሮውን መድሃኒት ግን አትደብቁ፣ ከምርመራው በኋላ ኪኒኑን ከነማሸጊያው አሳዩ፣ ምክንያቱም ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድሃኒት ሀሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ መድሃኒት ጉልበት ያሳጣዋል፣ እና ሰውየው ቲቢው እየዳነ ድምጹ ሊመለስበት ይችላል፣ ያኔ ቤተሰብ "የቲቢው መድሃኒት አሳበደው" ብሎ ሁለቱንም ያስቆመዋል። ሁለቱም ሐኪሞች ይወቁት በቃ።

ሁለተኛ ምግብ። ቤት ውስጥ ምግብ እያለ ሰው ይራባል ወይ እንዳትሉ፣ ይራባል። ብዙ ቤት እሱ የሚበላው ሁሉም በልቶ ካበቃ በኋላ ነው፣ ለብቻው ሰሃን፣ ለብቻው ጥግ፣ የተረፈው። ወንድሜ ደግሞ መርዝ አለበት ብሎ ወጡን አይነካም ነበር። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶ አየሁ፣ ከወር በኋላ ሁለተኛ ቀዳዳ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ግን እኛ ስለ ክብደቱ ማንም አላወራንም ምክንያቱም ካፖርቱን አያወልቅም። አሁን በየወሩ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሚዛን ላይ አቁመው ስል ነው የምጀምረው፣ ሚዛን ከሌለ ቀበቶው ይበቃል።

መርዝ አለበት ለሚል ሰው ክርክር አይሰራም፣ ስንት ጊዜ ሞከርኩት መሰላችሁ። የሰራልኝ ራሱ የሚልጠው ነገር ነው፦ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች። ከዛ ቀስ እያልን አንድ ትሪ ላይ አብረን መብላት፣ እኔ መጀመሪያ ከሱ በኩል እቆርሳለሁ፣ ካየ በኋላ ይጀምራል። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱት፣ እኔም ወስጃለሁ፣ ግን ከስቶ ቆዳና አጥንት ለቀረ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ይከብደዋል፣ የንስሃ አባታችሁን አነጋግሩ፣ የታመመ ሰው እንዲበላ የሚፈቅዱ አባቶች ብዙ ናቸው፣ መድሃኒቱንም እንዳያቋርጥ እዛው ንገሯቸው።

እግሩን እዩ፣ እጁንም። በሰንሰለት የሚያስሩ ቤተሰቦች አሉ፣ አልፈርድባቸውም፣ ሌሊት ጅብና መንገድ ሲፈሩ ነው። ግን ሰንሰለት የቆረጠው ቁስል መግል ይይዛል፣ ቴታነስም አለ፣ እና እሳት ዳር ተቀምጦ ሲቃጠል በመድሃኒቱ ፈዞ የማይነቃም አለ። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ማጠብ አስለመድነው፣ እኔ ሳጥብለት በጣቶቹ መሀል አያለሁ። ቁስል ካለ ይታከም፣ ሰውየውን በሰንሰለት እሰሩት ከማለት በፊት ደግሞ የአእምሮው መድሃኒት በመርፌ እንዲጀመርለት ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፣ ብዙ ሰው ሲረጋጋ ሰንሰለቱ ራሱ አያስፈልግም።

ስለ መርፌው፦ ኪኒን ምላሱ ስር ይዞ ቆይቶ ትራሱ ውስጥ የሚደብቅ ሰው ካለባችሁ (የኛው ትራስ ውስጥ አርባ ምናምን ኪኒን አገኘን) በወር አንዴ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል አለ፣ ጠይቁ። ሀሎፔሪዶል ላይ አንገቱ ከተጣመመ፣ አይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ ጋኔን አይደለም፣ የመድሃኒቱ ነው፣ ለዚሁ የሚሰጡት አርቴን የሚባል ኪኒን ያስተካክለዋል፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ግን እስከ ጠዋት አትጠብቁ፣ በዛው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል። መድሃኒት ደግሞ "አልቋል" ስለሚባል እኔ ሊያልቅበት ሳምንት ሲቀረው ነው የምሄደው።

ራስን ማጥፋት ላይ እኛ ሐበሾች ስሙን መጥራት እንፈራለን፣ መጠየቅ ሀሳቡን የሚሰጠው ይመስለናል፣ አይሰጠውም። ቡና ላይ ብቻችንን ሆነን "ጋሼ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ላጥፋ ብለህስ አስበህ ታውቃለህ?" አልኩት። ረጅም ዝም ካለ በኋላ "ድምጾቹ ይሉኛል" አለ። ያን ቀን ነው ሳልውል ሳላድር የወሰድኩት። በተለይ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን፣ ወይ ተሽሎት ያመለጠውን ትምህርት፣ ትዳር፣ ምናምን ማሰብ ሲጀምር ተጠንቀቁ፣ የተሻለው ሲመስላችሁ ብቻውን አትተዉት። የአረምና የተባይ መድሃኒት ቤት ውስጥ ካለ ከቤት ይውጣ ወይ በቁልፍ ይዘጋ፣ ኪኒኑም እናንተ ጋ ይቀመጥ። ጎረቤት ይቀየመኛል ሳትሉ እነሱም እንዲቆልፉ ንገሯቸው፣ እኔ አንዷ ተቀይማኛለች፣ ይሁና።

ከቤት ወጥቶ ስለ መጥፋቱ ደግሞ አጭር ነው። ኪሱ ውስጥ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሳደርግለት ያወጣዋል፣ ስለዚህ ካፖርቱ ውስጠኛ ገበር ላይ በክር ሰፋሁት። የሰፈር ባጃጅ ሹፌሮች ፎቶው አላቸው፣ ባለፈው ነሀሴ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ዋናው አስፋልት መሀል አግኝቶት ያመጣልኝ ከነሱ አንዱ ነው፣ ሂሳብም አልተቀበለኝም።