ቫይረስ ሲዛመት ምን እንብላ፣ መስኮቱንስ እንዝጋው ወይ?

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ድረስ ታክሲ ውስጥ ማይስል ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ቢሮም ገብታችሁ ያው ነው፣ አንዱ ብርድ መታኝ ይላል አንዱ ምች ነው ዳማከሴ ጠጪበት ይላል ሌላው ደሞ ነጭ ሽንኩርት በማር ብሉ እያለ ለሁሉም ያዛል። ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት ያቃተኝ በኮቪድ ጊዜ አክስቴን ስላጣናት ነው። ቤታችን ውስጥ ያልተደረገ ነገር አልነበረም፣ ዝንጅብል ተፈልቷል ሎሚ ተጨምቋል ፌጦ ተወቅጧል፣ ግን ብርድ እንዳይገባባት ተብሎ መስኮቱ ቀንም ሌሊትም ዝግ ነበር፣ ጠያቂ ደሞ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከኛ ቤት ብቻ አምስት ሰው ታመመ። ስለዚ ምግቡም፣ አየሩም፣ ኢሙኒቲ ሚባለው የሰውነት መከላከያም የቱ ጋ እንደሚጠቅም የቱ ጋ እንደማይጠቅም ለይቼ፣ መሀል አዲስ አበባ ሚኖር ሰው ባለው አቅም ምን ማድረግ እንደሚችል ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ወሬው ስለየትኛው ቫይረስ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሁሉም ቫይረስ አንድ አይደለም። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ ኩፍኝ በትንፋሽና በአየር ነው ሚተላለፉት። ህዳር 2018 ጂንካ ላይ የተገኘው ማርበርግ ግን በታማሚው ደምና በሰውነቱ ፈሳሽ ንክኪ ነው፣ እዛ ላይ ዋናው ነገር ታማሚውንም አስከሬኑንም በባዶ እጅ አለመንካት ነው እንጂ መስኮት አይደለም። ከዚ በታች ምጽፈው በአየር ስለሚተላለፉት ነው።

አሁን ወደ ብርዱ። ብርድ ቫይረስ አይፈጥርም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢበርዳችሁም ቫይረሱን ከሆነ ሰው ካልወሰዳችሁ አትታመሙም። እንደዛ ሲባል ግን ብርድ ምንም አያረግም ማለት አይደለም፣ እናቶቻችን ከመሬት ተነስተው አይደለም ብርድ ብርድ ሚሉት። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ስንተነፍስ አፍንጫችን ውስጥ ያለው እርጥበት ይቀንሳል፣ ቆሻሻና ቫይረስ ጠርጎ ሚያወጣው ንፍጥ ስራው ይዘገያል፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ደሞ ደረቅ አየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ህዳርና ታህሳስ ቀን ፀሀዩ ያምራል ማታ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል አየሩም ይደርቃል። ክረምት ላይ በተቃራኒው አየሩ እርጥብ ነው፣ ያኔ ሚጎዳን ሌላ ነገር ነው፣ ዝናቡ ሁላችንንም አንድ ክፍል ውስጥ ያጭቀናል፣ ፀሀዩም ይጠፋል (የፀሀይ ጨረር እኮ ውጪ ያለውን ቫይረስ ይገድላል) ከዛ ሁሉንም ነገር ጥርቅም አርገን እንዘጋለን።

እና የኛ ከተማ ታሪክም ይሄንኑ ነው ሚያሳየው። የህዳር በሽታ ሚባለው፣ ህዳር 1911 ላይ አዲስ አበባን ያረገፈው፣ ያኔ አለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ዛሬም ህዳር 12 ህዳር ሲታጠን ብለን ሰፈሩን በጭስ ምንሞላው ከዛ የቀረ ነው፣ የመጣው በደረቁ ወር ነው። ኮቪድን ደሞ ተመልከቱ፣ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ ከዛ በኋላ ነሐሴ ላይ በዝናቡ ከፍ አለ፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2013 በበልጉ እንደገና ከፍ አለ፣ ታህሳስ 2014 ደሞ ኦሚክሮን ሚባለው የኮቪድ ዝርያ በብርዱ መጣ። እንግዲህ የትኛውን ወር ትፈራላችሁ? የወቅቱ አይነት ይቀያየራል፣ ማይቀየረው የሰው ትንፋሽ በተዘጋ ቦታ መከማቸቱ ነው።

ስለዚ ዋናው ስራ መስኮት ላይ ነው። ታክሲ ስትገቡ ሙሉውን በርግዱት አላልኩም፣ ሰውም አይፈቅድላችሁም፣ ከፊት በአንዱ ጎን ሶስት ጣት ያህል ከኋላ ደሞ በሌላኛው ጎን ሶስት ጣት ያህል ከተከፈተ አየሩ ሰያፍ ያልፋል፣ አንዱን ብቻ አስፍቶ ከመክፈት ይሻላል ለሰውም ብዙ አይበርድም። አነጋገሩ ላይ ነው ሚበላሸው። "ዝጊው!" "አልዘጋም!" ከሆነ ጠብ ነው፣ እኔ ምለው "እማማ ነጠላዎን ደረብ ያርጉና ትንሽ ከፈት ላርጋት፣ ያሳለኝ ስለሆነ እንዳላሲዝዎት ነው" ነው፣ እስካሁን እምቢ ያሉኝ እናት የሉም። በ2012 ታክሲ በግማሽ ሰው ይጫን በእጥፍ ዋጋ ይከፈል የተባለውን ታስታውሳላችሁ አይደል፣ ኪሳችን ቢጎዳም ነገሩ ትክክል ነበር፣ ዛሬ እንደዛ ሚባል ነገር የለም ስለዚ ቢያንስ አየሩን እናንተ አስገቡ። ዝናብ ሆኖ መክፈት ካልተቻለ ማስክ አርጉ፣ አፍንጫን ሸፍኖ ነው እንጂ አገጭ ላይ አይደለም፣ በተለይ ሚያስላችሁ እናንተ ከሆናችሁ።

ቢሮም እንደዛው፣ በሩንና ፊት ለፊቱ ያለውን መስኮት በየሰአቱ አስር ደቂቃ ክፈቱ፣ ስብሰባ ካለ ስብሰባው እስኪያልቅ ክፍት ይሁን። ምሳ ላይ ካፌው በረንዳ ካለው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ቤት ውስጥ ያለው ግን ይከብዳል፣ ብዙዎቻችን አንድ ክፍል አንድ መስኮት ነው ያለን፣ እዛ ላይ ከሰል ይጨመርበታል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ለሙቀት ብሎ ማሳደር ከቫይረሱ በፊት ሰው ይገድላል፣ ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም፣ ጭሱም ቢሆን ሳምባን ያቆስላል። የእጣን ጭስ ቫይረስ አይገድልም፣ ሽታው ደስ ስለሚለን ነው። ቡናውን በረንዳ ወይ ደጅ አፍሉት፣ ጎረቤትም ያው እዛው ይጠጣል፣ ቤት ውስጥ ከሆነም በሩ ክፍት ይሁን ሰውም ጋቢ ይደርብ። ጋቢ መደረብ ይቻላል፣ የሌላ ሰው ትንፋሽ ግን ሚደረብለት ነገር የለም።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ምግብ ማስታገሻ አይደለም፣ ዛሬ በልታችሁ ነገ ቫይረስ አያባርርላችሁም፣ ሰውነታችሁ ቫይረስ ሚዋጋበትን አንቲቦዲ ሚሰራው ከወራት በፊት ጀምሮ ከበላችሁት ነገር ነው። መጋቢት 2012 ላይ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ጣሪያ ሲነካ ሰው ያለ የሌለ ብሩን እዛ ላይ ጨረሰ፣ በዛ ብር ምስርና እንቁላል ቢገዛ በስንት ጣዕሙ። ሎሚ አትጠጡ እያልኩ አይደለም። ሻይ በዝንጅብልና በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ማር ሳልም ያስታግሳል (አመት ላልሞላው ህፃን ግን ማር በፍፁም አይሰጥም፣ አደገኛ መርዝ ሊያስከትልበት ይችላል) ነጭ ሽንኩርትም ምግብ ነው ብሉት፣ ቫይረሱ ግን በሱ አይቆምም። ስለ ቪታሚን ሲ ኪኒን ደሞ፣ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በየቀኑ ሚወስዱት ሰዎች ጉንፋን የመያዝ እድላቸው እንደማንኛውም ሰው ነው፣ ሲይዛቸው አዋቂዎቹ ላይ ሚቆይበት ጊዜ 8 በመቶ ገደማ ያጥራል፣ ሳምንት ሚቆየው በግማሽ ቀን ቢያጥር ነው፣ ከታመሙ በኋላ መጀመር ደሞ ይሄን ያህልም አልረዳም።

እና ምን እንብላ? ያው ምናውቀውን ነው፣ ግን አስተካክለን። እንጀራ በሽሮ ወይ በምስር ብቻውን ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ጤፍና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን አንዱ ይሞላል። ጎን ላይ ጥሬ ቃሪያ አድርጉ፣ ስንጉም ይሁን ዝም ብሎ ተቆርጦ፣ ቃሪያ በክብደት ከብርቱካን የበለጠ ቪታሚን ሲ አለው ዘይቱንም እንደዛው፣ ብርቱካን ኪሎው ስንት እንደገባ ደሞ ታውቃላችሁ። ምስሩና ጎመኑ ውስጥ ያለውን አይረን (ብረት ሚባለውን ንጥረ ነገር) ሰውነት በደንብ ሚስበው ቪታሚን ሲ አብሮት ሲኖር ስለሆነ ጎመኑ ላይ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ሎሚ ጭመቁበት፣ ያን ጊዜ ሎሚው ስራውን ሰራ ማለት ነው። ቡናና ሻይ ግን አይረኑን ስለሚይዙት ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰአት በኋላ ይሁን፣ ይሄ በተለይ ለእርጉዞችና የደም ማነስ ላለባቸው። ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን ለቪታሚን ኤ ናቸው፣ ልጆች ቪታሚን ኤ ሲያንሳቸው ኩፍኝ ይበረታባቸዋል፣ ስለዚ ከስድስት ወር በላይ አምስት አመት ያልሞላው ልጅ ካላችሁ በየስድስት ወሩ ጤና ጣቢያ ሚሰጠውን የቪታሚን ኤ ጠብታ አታሳልፉት።

ጾም ላይ ጥያቄ አለ፣ ፍልሰታ ክረምቱ መሀል ነው የነቢያት ጾም ደሞ ህዳር 15 ብርዱ ላይ ነው ሚገባው። ጤነኛ ሰው ቢጾም ችግር የለውም፣ ችግሩ ጾም ነው ብሎ ከሰአት ላይ ዳቦ በሻይ ብቻ መዋል ነው። ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ በሶ አለ አይደል፣ እነሱን አብዙ። ትኩሳት የያዘው ሰው፣ አዛውንት፣ ስኳር ያለበት ግን የንስሐ አባቱን ያነጋግር፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን ላይ የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል። አረቄ ጉሮሮ ይጠርጋል ሚባለው ደሞ ውሸት ነው፣ ሲበዛ እንደውም ሰውነትን ያደክማል።

ኢሙኒቲ ሲባል ሁሉም ሰው ከፍ ይበልልኝ ነው ሚለው፣ ግን ነገሩ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍ ሚደረግ አይደለም። የህዳር በሽታ ብዙ የገደለው ጎረምሶችንና ጠንካሮቹን ነበር፣ የሰውነታቸው መከላከያ ከልክ በላይ መነሳቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ሰውነት ሚፈልገው ጠላቱን ቀድሞ ማወቅ ነው፣ ለዛ ደሞ ክትባትን ሚያህል የለም። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በተገኘ ልክ በአመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው እዚህ ክትባት የተጀመረው፣ አክስቴ ከዛ በፊት ነው ያረፈችው። የልጆቻችሁን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር አስከትቡ፣ ሁለተኛውን ሚረሳ ወላጅ ብዙ ነው። እንቅልፍ ደሞ ማንም ከቁም ነገር ማይቆጥረው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ የጉንፋን ቫይረስ ጨምረው ሲያዩ፣ ሌሊት ከስድስት ሰአት በታች ሚተኙት ከሰባት ሰአት በላይ ከሚተኙት ጋር ሲነፃፀሩ የመታመም እድላቸው አራት እጥፍ ነበር። ለሊት ስልክ ላይ ቆይቶ ጠዋት ቪታሚን መዋጥ ምን ይባላል? ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም ያለባችሁ ደሞ መድሃኒታችሁን አንድ ቀን እንኳን እንዳታቋርጡ፣ እናንተን ከየትኛውም ምግብ በላይ ሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ሰው ከታመመ መስኮት ያለው ክፍል ለሱ ይሰጥ፣ ክፍሉ አንድ ከሆነ መኝታው መስኮቱ ስር ይሁን ብርድ ልብስ ይደራረብለት፣ አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን ሁለቱም ማስክ ያርጉ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውሃ በብዛት። በባህር ዛፍ ቅጠል መታጠን አፍንጫ ይከፍታል ግን ልጆችን በፈላ ውሃ አታጥኑ፣ ሚቃጠሉት ብዙ ናቸው። ከፋርማሲ በራሳችሁ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ አትጀምሩ፣ እሱ ለባክቴሪያ ነው ቫይረስ ላይ ምንም አይሰራም። ጠያቂን በተመለከተ፣ ለኛ ሰው ታሞ አለመጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚ ቅሬታ እንዳይመጣ የቤቱ ትልቅ ሰው ለእድሩም ለጎረቤቱም አስቀድሞ ደውሎ "እስኪሻላት በስልክ ጠይቁን፣ ሾርባውን በር ላይ እንቀበላለን" ይበል፣ እኛ ይሄን የምንል ሰው አልነበረንም።

ታማሚው መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከተወዛገበ ወይ አልነቃ ካለ፣ ትኩሳቱ ለቆት እንደገና ከተነሳበት፣ ህፃን ከሆነ ጡት እምቢ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የተሻለው ሰው ደሞ ያለ ፓራሲታሞል ትኩሳቱ ከጠፋ 24 ሰአት ሳይሞላው ታክሲ ውስጥ አይግባ፣ ከገባም በኋላ ለጥቂት ቀን ማስኩን አድርጎ መስኮቱ ጋ ይቀመጥ።