ነጩን ጋዋን አውልቆ ምክር ቤት ለመግባት

ደሴ ውስጥ ለዓመታት ሕፃናትን ሳክም ኖሬያለሁ። አንዲት የሰኞ ገበያ እናት በአንድ ክረምት ልጇን ሦስት ጊዜ በተቅማጥ ይዛ መጣች። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) እና ዚንክ ሰጥቼ እሸኛታለሁ፤ ተመልሳ ትመጣለች። በሦስተኛው ጊዜ ስትመጣ ለውሃ የያዘችውን ቢጫ ጀሪካን ከፍቼ አየሁት። ታቹ ላይ ደለል ተኝቷል። ለዚያ ልጅ መፍትሔው ቧንቧ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማዘዣ ላይ መጻፍ አልችልም። ፖለቲካ ውስጥ የገባሁት ያኔ ነው።

እናንተም ሐኪሞች ፖለቲካ ውስጥ ለመግባት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ታካሚዎቻችሁን ለሌላ ሐኪም በወጉ አስረክቡ። ካርድ ማቀበል ብቻ አይበቃም። ቁጭ ብላችሁ ስለ እያንዳንዱ ተነጋገሩ።

ምርመራ ክፍል ውስጥ ድምፅ አትጠይቁ። የታመመ ሰው ሐኪሙን እምቢ ማለት ይከብደዋል። የታካሚ ምስጢርም ስም ሳይጠራ እንኳ መድረክ ላይ አይወጣም። የደሴ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

ቅስቀሳ ላይ የሕክምና ቋንቋውን ተዉት። «ውሃው ልጆቻችንን እያሳመመ ነው» በሉ፤ በቃ። መጠየቅ ግን ታውቁበታላችሁ። ከመቼ ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? ቡና ላይ ተቀምጣችሁ እንደዚያው ጠይቁ።

ለቤተሰብም ቀድማችሁ ንገሩ። ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1984 ዓ.ም የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን መሠረቱ። ከዚያ ታሰሩ፣ ታመሙ፣ በ1991 ዓ.ም አረፉ። ዋጋው እስከዚያ ሊደርስ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋትን ለክሊኒክ አስቀሩ። እኔ እስካሁን አልተውኩትም። ስብሰባ ላይ የማይነገረኝን እናቶቹ እዚያ ይነግሩኛል።