ፍጥነቱ ልክ፣ የቀረው ስህተት፦ የሞገድ ስሌት ችግርና መፍትሄ

ፍጥነት የድግግሞሽና የሞገድ ርዝመት ብዜት መሆኑን፣ ሴንቲ ሜትርም ወደ ሜትር መቀየር እንዳለበት ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። ደሴ ውስጥ ተማሪ ሳስጠና የሚያደክመኝ ሌላ ነው።

ምልክቱ፦ ፍጥነቱ ከመልሱ ጋር ይገጥማል፤ የሞገድ ርዝመቱና ድግግሞሹ አይገጥሙም።

ምክንያቱ ቆጠራ ነው። ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ከመጀመሪያው የሞገድ አናት እስከ ስድስተኛው 7.5 ሜትር ለካችሁ እንበል። የመጀመሪያው አናት አንድ ሸንበቆ ጋ ከደረሰበት ቅጽበት አንስቶ ስድስተኛው እስኪደርስ ደግሞ 5 ሰከንድ አለፈ። ተማሪው 7.5ን ለ6 አካፍሎ 1.25 ሜትር ይላል፤ 6ን ለ5 አካፍሎ ድግግሞሹ 1.2 ሄርዝ (ሞገድ በሰከንድ) ነው ይላል፤ ሁለቱን አባዝቶ 1.5 ሜትር በሰከንድ ያገኛል። ፍጥነቱ ልክ ነው! አንዱ ስህተት ሌላውን አጣፋው። ከዚያ «መልሴ ልክ ሆኖ ሳለ ለምን ተቀነሰብኝ?» የሚል ሙግት ይመጣል። በስድስት የአጥር ችካሎች መካከል ያለው ክፍተት አምስት ነው። ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ድግግሞሹ 1 ሄርዝ ነው።

መፍትሄው፦ የመጀመሪያውን አናት «ዜሮ» ብላችሁ ቁጠሩ። የመጨረሻው አናት ላይ የምትጠሩት ቁጥር አካፋያችሁ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ጥያቄው «በ5 ሰከንድ 6 ሙሉ ሞገዶች አለፉ» ካለ ምንም አትቀንሱ። አንድ ልጅ በጥያቄው የተሰጠውን 100 ሄርዝ 99 አድርጎ አምጥቶልኛል! ደግሞም ተጠንቀቁ፦ ከአናት እስከ ቀጣዩ ርባዳ (የሞገዱ ዝቅተኛ ቦታ) ግማሽ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው።

ከግራፍ ያነበባችሁት የሞገድ ርዝመት ትርጉም ካጣ አግድሙን መስመር እዩ። ጊዜ ከሆነ፣ ከአናት እስከ አናት ያለው የአንድ ዑደት ጊዜ እንጂ ርዝመት አይደለም። ደጋግሞ ከመባዛቱ የተነሳ የመስመሩ ስም የጠፋበትን ወረቀት ለተማሪ የሚያድል ሰው ግን ምን ይባላል?

የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ 3,000 ኪሎ ሜትር ከወጣላችሁ ሜጋውን (ሚሊዮኑን) ረስታችኋል፤ የ100 ሜጋ ሄርዝ ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ነው።

ክራርን ጠንክሮ መምታት ድምፁን ያጎላል እንጂ ድግግሞሹን አያበዛም።

ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ድምፅ ይዘገያል የሚሉም አሉ። ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀት ነው፦ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 340 ሜትር በሰከንድ ገደማ፣ በ25 ዲግሪ 346 ገደማ። ጥያቄው ቁጥር ከሰጣችሁ ግን የእሱን ተጠቀሙ።