የንባብ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ለምን እምቢ ይላል?

ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ አፕ ወይም ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ፍጥነት መቀየሪያ ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። ስላይደር ታስቀምጣላችሁ፣ ከድምፁ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ ስክሪን ሪደር (ማየት ለማይችል ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ይሞክረውና "ኧረ ይሄ ነገር አይሠራም" ይላችኋል። እናንተ ጋ ግን ይሠራል! ብዙ ጊዜ የሚመጡት ቅሬታዎች እነዚህ ናቸው።

"ጨመርኩት፣ ምንም አልተለወጠም"

መጀመሪያ የየትኛው ድምፅ ፍጥነት እንዳልተለወጠ ጠይቁ። ሰውየው ወደ እናንተ የመጣው ስልኩ ላይ ቶክባክ ወይም ቮይስኦቨር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኤንቪዲኤ ወይም ጆስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ከፍቶ ነው። የዚያን ፍጥነት ድሮ ለጆሮው አስተካክሎታል። ድረ ገጽ ደግሞ የስክሪን ሪደርን ፍጥነት መንካት አይችልም፤ የእናንተ ስላይደር የሚያዘው የራሳችሁን አንባቢ ብቻ ነው። መቆጣጠሪያውን በደፈናው "ፍጥነት" ካላችሁት ይህን በምን ይወቅ? "የጽሑፉ ንባብ ፍጥነት" በሉት። አንዳንዴ ችግሩ እዚችው ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ኮዱን እዩ። የብራውዘር የንግግር መሣሪያ ፍጥነቱን የሚወስደው መናገር ሲጀምር ነው። የጀመረውን አንቀጽ እስኪጨርስ በድሮው ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር ቆራርጡት። ፍጥነት ሲቀየር የሚነበበውን አቋርጣችሁ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በአዲሱ ፍጥነት ከመጀመሪያው አስጀምሩ። አማርኛን በአራት ነጥብ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ነው የሚጽፈው፤ የእንግሊዝኛ ኮለን ሁለቴ የሚመታም ሞልቷል። ሁሉንም ካልያዛችሁ አንድ ገጽ ሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቆጠራል።

"ሁለት ሰው ባንዴ ያወራብኛል"

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ለሚያይ ሰው ጨርሶ አይታየውም። ተጠቃሚው ስላይደሩን ለማንቀሳቀስ የኪቦርዱን ቀስት ሲጫን ስክሪን ሪደሩ አዲሱን ቁጥር ይናገራል። የእናንተ አንባቢ ደግሞ ጽሑፉን እያነበበ ነው። ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ቁጥሩም ጽሑፉም አይሰማም። ይባስ ብሎ ደግ ያሰበ ሠሪ ለውጡን የሚያሳውቅ ላይቭ ሪጅን፣ ማለትም ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው የገጽ ክፍል፣ ይጨምርበታል። ስላይደሩ ዋጋውን ራሱ ያስነግር ስለነበር ቁጥሩ ሁለቴ ይባላል።

ላይቭ ሪጅኑን አውጡት። የመጀመሪያው የቀስት ምት ሲመጣ ንባቡን ጸጥ አድርጉ። ድረ ገጽ ስክሪን ሪደሩ መቼ ተናግሮ እንደጨረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ምት በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁና ቀጥሉ። በየምቱ ናሙና ድምፅ ማሰማት ግን ይቅርባችሁ። አሥር ጊዜ የተጫነ ሰው አሥር ቁራጭ ንግግር ይወርድበታል።

"ዜሮ ነጥብ አምስት ስንት ነው?"

ስልኮቹ አይስማሙም። አንድሮይድ ላይ መደበኛው ፍጥነት 1.0 ነው። አይፎን ላይ መለኪያው ከ0 እስከ 1 ሲሆን መደበኛው 0.5 ነው። ብራውዘር ላይ ደግሞ ከ0.1 እስከ 10 ይሄዳል፤ መደበኛው 1 ነው። ጥሬውን ቁጥር ካሳያችሁ ያው 0.5 አንዱ ጋ ደህና ንግግር፣ ሌላው ጋ መጎተት ይሆናል። አሪያ ቫልዩቴክስት (aria-valuetext) በሚባለው፣ ስክሪን ሪደሩ በቁጥሩ ፋንታ የሚናገረውን ቃል በሚሰጠው ባሕርይ "መደበኛ"፣ "አንድ ተኩል እጥፍ" እየተባለ እንዲነገር አድርጉ። እጥፍ መሆኑን ግን በስሌት አትመኑ፤ አንድ አንቀጽ አስነብባችሁ በሰከንድ ለኩት።

"ቃል በደቂቃ" የሚለው መለኪያም ለአማርኛ አይሆንም። "አልነገርኳቸውም" አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አራት አምስት ቃል ይፈጅበታል።

"ከዚህ በላይ አይፈጥንም እንዴ?"

ጣሪያውን ያበጀው ሰው በራሱ ጆሮ ለክቶ ነው። ዓመታት ስክሪን ሪደር የተጠቀመ ሰው ለእኛ ጫጫታ የሚመስለንን ፍጥነት ተረጋግቶ ይከታተላል። ድምፁ እስከሚችለው ድረስ ልቀቁት።

"ስላይደሩ አይንቀሳቀስም"

በእጅ የተሠራ፣ በመጎተት ብቻ የሚሄድ ስላይደር ነው። ሬንጅ የሚባለውን የብራውዘሩን የራሱን ስላይደር ተጠቀሙ፤ የቀስት፣ የሆምና የኤንድ ቁልፎች አብረውት ይመጣሉ። አጠገቡ "ቀንስ"፣ "ጨምር" እና "ወደ መደበኛው መልስ" የሚሉ በተኖች ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደብሊውካግ (WCAG) 2.2 የተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ለመጎተት አማራጭ ይጠይቃል። በአንድ ፊደል የሚሠራ አቋራጭ ደግሞ አታስቡት። ኤንቪዲኤ ገጽ ሲያስስ ፊደሎቹን ለራሱ ይወስዳቸዋል፤ ኤች ብትጫኑ ርዕስ ይፈልጋል። የአማርኛ ኪቦርድ ከተከፈተማ የላቲኑ ፊደል ራሱ የለም።

"እንግሊዝኛው ደህና ነው፣ አማርኛው ሲፈጥን ይጨፈለቃል"

"ገና" ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም፤ ማሽኑ ይገምታል። ሲፈጥን ደግሞ በጠበቀውና በላላው መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። በመቆጣጠሪያው ይህን ማዳን አትችሉም። የምትችሉት ፍጥነቱን ለየድምፁ ለየብቻ ማስቀመጥ ነው፤ እንግሊዝኛን በእጥፍ የሚሰማ ሰው አማርኛን ትንሽ ዝግ አድርጎ ሊፈልግ ይችላል። አማርኛ የሚያነበውን ኢስፒክ የተባለ የንግግር ኤንጂንም በሮቦትነቱ አትናቁት። እንዲህ ያሉ ድምፆች ሲፈጥኑ የሰው ከሚመስሉት ለስላሳ ድምፆች የተሻለ ጥርት ይላሉ።

"ትናንት ያስተካከልኩት ዛሬ ጠፋ"

አስቀምጣችሁት ከሆነና አሁንም ከጠፋ፣ ገጹ ሲከፈት የድምፆቹ ዝርዝር ገና ባዶ ነበር ማለት ነው። ክሮም ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ኮዳችሁ የተቀመጠውን ድምፅ ፈልጎ ያጣዋል፤ ፍጥነቱን ወደ መደበኛ ይመልሳል፤ ያንኑ በአሮጌው ላይ ደርቦ ይጽፈዋል። "ድምፆች ተለውጠዋል" (voiceschanged) የሚለው የብራውዘሩ ኢቨንት እስኪመጣ ጠብቁ፤ እስከዚያ ምንም አትጻፉ።