ደንገላችንን ለማስጠበቅ እንዴት እንደጀመርን

ቤቴ ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ገልባጭ መኪና የሐይቁ ዳር ደንገል ላይ፣ ማለትም ታንኳ በሚሠራበት ረጅም ሣር መሰል ተክል ላይ፣ የሕንፃ ፍርስራሽ ሲደፋ አየሁ። ደንገሉ ተቀብሮ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታይ ነበር። ሆዴ ተቃጠለ። በእናንተም ሰፈር ይህ ካጋጠመ፣ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ። የሴቶች እድር አላችሁ፤ ጉዳዩን እዚያው ቡናው ላይ አንሡት። ኤተል ሄይቶርንትዌት የተባለች እንግሊዛዊትም እ.ኤ.አ. በ1924 ሼፊልድ ላይ የከተማዋን ዙሪያ ገጠር ለማስጠበቅ ስትጀምር ሰው የሰበሰበችው ቤቷ ነው። ባሏ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቶባት፣ ሐዘኗን ያቀለለላት ከከተማው ወጣ ብላ ኮረብታው ላይ መራመድ ነበር። ያ ኮረብታ ያለበት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል።

ቀጥሎ ቦታውን በእግር ዙሩት። «ጣናን እናድን» ብቻ ብትሉ ማንም አይነሣላችሁም። «ከዋርካው እስከ ታንኳ ማሰሪያው ያለው ደንገል» በሉ። ትልልቅ እናቶችን ይዛችሁ ሂዱ። አንዷ ጎረቤታችን የአጥር ድንጋይ እየዳበሱ «በክረምት ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር» አሉኝ። እዚያው ቆሜ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ማመልከቻ ነው። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ደብዳቤያችን ጠፋ። ልንጠይቅ ስንሄድ «አልደረሰንም» ተባልን፤ ማስረጃ አልያዝንም። ስለዚህ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ሊሠራ የነበረውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ የተቃወመችው ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ፍርድ ቤት አልሰማትም፣ ባለሥልጣናት ሰደቧት። እሷ ግን ብዕሯን አላስቀመጠችም፤ ሕንፃው ቀረ።

መልስ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ካለ ሐምራዊ አበባው ሳይፈነዳ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዳር ላይ አትተዉት፣ ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ራቅ አድርጋችሁ አድርቁና አቃጥሉት። ያለ ቦቲ ጫማ ደግሞ እንዳትገቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ።

ገልባጩ ከጥቅምት ወዲህ አልመጣም። የተደፋው ፍርስራሽ ግን እዚያው ነው። ሦስተኛው ደብዳቤያችን ስለ እሱ ነው፤ ሰኞ ገቢ እናስደርገዋለን።